ፓኬጅን ለስፖንሰር በጊት ማስረከብ፦ ለምን? እንዴት?

ዴቢያን የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀም ሰው አንድ አጭር ትእዛዝ ሰጥቶ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተሰኘውን የግዕዝ ፊደል ፎንት መጫን ይችላል። ፎንቱም ሆነ ሌላው ሶፍትዌር የሚደርሰው በፓኬጅ መልክ ነው። በፓኬጁ ውስጥ ፋይሎቹ ብቻ ሳይሆኑ እንዴት እንደሚጫኑ፣ የትኞቹን ሌሎች ሶፍትዌሮች እንደሚፈልጉና በምን ዓይነት ፈቃድ እንደተለቀቁ የሚገልጽ መመሪያም አለ። ፓኬጁን አዘጋጅቶ የሚከታተለው ሰው ሜንቴነር ይባላል።

ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቢያንን ከመሠረተ ወዲህ ፕሮጀክቱ የቆመው በፈቃደኞች ነው። ፓኬጅ ማዘጋጀት ለማንም ክፍት ነው፤ ማንኛውንም ፓኬጅ ወደ ዴቢያን ማኅደር የማስገባት ሥልጣን ያላቸው ግን የዴቢያን ዴቨሎፐሮች ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሰው ስፖንሰር ያስፈልገዋል። ስፖንሰሩ ሥራውን መርምሮ፣ በራሱ ዲጂታል ቁልፍ ፈርሞ ያስገባለታል። እንደ ዋስ ነው፤ ሥራው የሌላ ሰው ቢሆንም ለፊርማው የሚጠየቀው እሱ ነው።

ታዲያ ዋስ የሚሆን ሰው ምን ማየት አለበት?

የታሸገው ፋይል የማያሳየው

የቆየው አሠራር ያለቀለትን የሶርስ ፓኬጅ፣ ማለትም ፓኬጁ የሚገነባበትን የኮድ ስብስብ፣ አሽጎ ለስፖንሰሩ ማድረስ ነው። ዛሬም ይሠራበታል። ችግሩ ስፖንሰሩ የሚያገኘው ውጤቱን ብቻ መሆኑ ነው። የትኛው መስመር መቼ ተለወጠ? ለምን? ይህን ለማወቅ ራሱ ፋይል ከፋይል ማነጻጸር አለበት። እርማት ጠይቆ አዲስ እሽግ ሲላክለትም ንጽጽሩን እንደገና ይጀምራል።

ሁለት አጋጣሚዎች የጉዳዩን ክብደት ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ ሥርዓቱ የሚያመነጫቸውን የምስጢር ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ አደረጋቸው። ለውጡ በቅን ልቦና የተደረገ ነበር፤ ስህተቱ ግን እስከ 2008 አልታወቀም። ሁለተኛው ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር፣ ማለትም የምስጢር መግቢያ፣ አገኘ። ተንኮሉን የሚያስነሳው ቁራጭ ኮድ የነበረው በታሸገው የስርጭት ፋይል ውስጥ እንጂ የኮዱ ለውጦች በሚመዘገቡበት የጊት ማኅደር ውስጥ አልነበረም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ሊያየው ይችል ነበር።

ጊት የሚሰጠው

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ከሠሪው ስም፣ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋር ይመዘግባል። እያንዳንዱ መዝገብ፣ ማለትም ኮሚት፣ ከይዘቱ የሚሰላ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ይዘቱ ከተነካ ቁጥሩም ይለወጣል። የዴቢያን ሰዎች ሥራቸውን በብዛት የሚያስቀምጡት ሳልሳ በተባለው የፕሮጀክቱ የጊት አገልጋይ ላይ ነው።

በተለመደው አደረጃጀት ሥራው በሦስት ብራንቾች፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄዱ የታሪክ መስመሮች፣ ይከፈላል። አንደኛው የሶፍትዌሩ ደራሲ የለቀቀውን ኮድ ሳይነካ ይይዛል። ሁለተኛው የዴቢያንን መመሪያዎችና ማስተካከያዎች ይጨምርበታል። ሦስተኛው ደራሲው ያሸገውን ፋይል አንዲት ባይት ሳትዛነፍ መልሶ ለመሥራት የሚበቃ መረጃ ያስቀምጣል። በዚህ መንገድ የደራሲው ሥራና የሜንቴነሩ ሥራ ሳይደባለቁ ይታያሉ።

ርክክቡ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ ሜንቴነሩ ፓኬጁን በንጹሕ አካባቢ ገንብቶ፣ ሊንቲያን በተባለው መሣሪያ ስህተቶችን ፈትሾ ያርማል። እያንዳንዱን ለውጥ በየራሱ ኮሚት ይመዘግባል፤ መግለጫውም «ተስተካክሏል» ከማለት አልፎ ምን ችግር እንደተፈታ ይናገራል።

ከዚያ ለስፖንሰሩ የሚልከው የማኅደሩን አድራሻ፣ የብራንቹን ስምና እንዲመረመር የሚፈልገውን ኮሚት መለያ ቁጥር ነው። በብዙ ቡድኖች ልማድ የፓኬጁ የለውጦች ዝርዝር (ቼንጅሎግ) «ገና አልተለቀቀም» የሚል ምልክት ይዞ ይቆያል፤ ወደ መልቀቂያ የሚቀይረው ስፖንሰሩ ነው።

ስፖንሰሩ ማኅደሩን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ያወርዳል፤ ታሪኩን ያነባል፤ የቅጂ መብቱን መግለጫ ከፋይሎቹ ጋር ያመሳክራል፤ የደራሲውን እሽግ ራሱ ከምንጩ አምጥቶ ያስተያያል፤ ፓኬጁንም በራሱ ማሽን እንደገና ይገነባል። ጉድለት ካገኘ ያሳውቃል። ሜንቴነሩ በአዲስ ኮሚት ያርማል፤ ስፖንሰሩም ካቆመበት ጀምሮ ያለውን ልዩነት ብቻ ያያል። ምርመራው ከተጀመረ በኋላ የቆዩ ኮሚቶችን መሰረዝ ወይም መቀየር አይገባም፤ የተመረመረውን ካልተመረመረው ያደባልቃልና።

ሁሉም ሲሟላ ስፖንሰሩ ፈርሞ ያስገባል። ያስገባውንም ኮሚት ታግ በተባለ ምልክት ይለየዋል፤ ከዓመታት በኋላ ጥያቄ ቢነሳ የተለቀቀው የትኛው እንደነበር በዚያ ይታወቃል። የሜንቴነሩ ስም በፓኬጁ ላይ እንደነበረ ይቆያል። ፓኬጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የዴቢያን ማኅደር ኃላፊዎች በተለይ ፈቃዱን ይመረምሩታል።

ጊት ብቻውን ተንኮልን አያስቀርም። በኤክስዜድ ጉዳይ የተንኮሉ ዋና አካል የሙከራ ፋይል መስሎ ጊት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማንበብና መጠርጠር የሰው ሥራ ነው፤ ጊት የሚያደርገው ለሚያነበው ሰው ሁሉንም መግለጥ ነው።

ጥቅሙ ለአዲሱ ሰውም ነው። ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተመረጡ ፓኬጆችን ራሳቸው እንዲያስገቡ የተፈቀደላቸው ሜንቴነሮች አሉት። ወደዚያ ደረጃ ለመድረስ ከሥራው ታሪክ የተሻለ ምስክር የለም።

ስለዚህ ፓኬጅ ለማዘጋጀት ያሰባችሁ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በጊት ሥሩ፤ የየለውጡንም ምክንያት ጻፉ። ስማቸውን አስይዘው ለሚፈርሙላችሁ ሰዎች የሚገባቸው ክብር ይህ ነው።