ክብደት ይዞ መዝለል፦ ስንት ኪሎ ይበቃናል?



ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ሜዳ ስንወርድ፣ ለቮሊቦል ከፍ ብሎ ለመነሳት አሸዋ የሞላ ቦርሳ አዝሎ የሚዘል ወንድም አናጣም። ልምምዱ ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን ግን ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ጥቅሙም የሚጨምር ይመስለናል። ፊዚክሱ እንዲህ አይልም።

ፓወር ማለት ፎርስ ሲባዛ በፍጥነት ነው። እዚህ ሚዛንና ቴፒ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ የሚሸከመውን ጫኝና አውራጅ እንመልከት። እግሩ ትልቅ ፎርስ ያወጣል፤ እርምጃው ግን ዝግ ያለ ነው። ባዶ እጁን የሚዘል ልጅ ደግሞ ፍጥነት አለው፣ የሚገፋው ግን የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ቀላል ክብደት ይዞ መዝለል ሁለቱን ያገናኛል፤ ጡንቻው ጭነት ቢጨመርበትም በፍጥነት መግፋትን ይለምዳል። ጭነቱ ከበዛ ግን ዝላዩ ያጥራል፣ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ፓወሩም አብሮ ይወርዳል፤ የሚተርፈው የጉልበትና የወገብ ጉዳት ነው።

ይህ ፍጥነት ለሯጭም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ፍጻሜ ከትንፋሽ ሌላ፣ እግር መሬትን በምን ፍጥነት እንደሚገፋም ዋጋ አለው።

ለጀማሪ ከሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ3 እስከ 6 ኪሎ መሆኑ ነው። ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተን በየእጃችን አንድ አንድ ብንይዝ 4 ኪሎ ይሆናል። ጀርባ ላይ ከሚዘል ቦርሳም ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. መጀመሪያ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ያለ ክብደት እንዝለል። ስናርፍ ጉልበታችን ይታጠፍ፣ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ድምፃችንም አይሰማ።
2. ከዚያ ክብደቱን ይዘን 5 ጊዜ እንዝለል፣ 2 ደቂቃ እንረፍ፤ ይህን 3 ዙር እንድገም።
3. በሳምንት 2 ቀን በቂ ነው፤ በመካከሉ ቢያንስ 2 ቀን እንረፍ።
4. ዝላያችን ዝቅ ማለት ከጀመረ ወይም ጉልበት ካመመን እናቁም።

ዝናብ በማያጣው አገራችን ጭቃው ስለሚያንሸራትት ደረቅ ሣር እንምረጥ፤ ሲሚንቶ ላይ አንዝለል። በረመዷን ካፈጠርንና ውሃ ከጠጣን በኋላ፣ ዙሩን ቀንሰን እንሥራ። ልምምዱ ሰፊ ሜዳ ስለማይጠይቅ እህቶችም በሚመቻቸው ቦታ ሊሠሩት ይችላሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው አስተምረውናል። ይህ ጉልበት እስከ እርጅናችን ሩኩዕና ሱጁድ የምናደርግበት አማና ነው። ለአንድ ጨዋታ ብለን አናበላሸው።