አትሮንሱና ዕቃ ቤቱ

በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከጧት ጀምራ ማመልከቻ ስትተይብ የቆየች ጸሐፊ መብራት ድንገት ሲጠፋባት፣ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተመልሶ ሲበራላት፣ ትናንትናና ከትናንት በስቲያ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አንዲት ፊደል ሳትጐድልባቸው በየስፍራቸው ሲገኙ፣ ያን ዕለት የደከመችበትና ‹ሴቭ› ሳታደርገው የቆየችው ገጽ ብቻ እንዳልነበረ ሆኖ ቀርቶ ታገኘዋለች። ይህች ጸሐፊ ስለ ኮምፒውተር ምንም ዓይነት ትምህርት ያልተማረች ብትሆን እንኳ፣ በመሣሪያዋ ውስጥ ባሕርያቸው እጅግ የተለያየ ሁለት ማኅደሮች መኖራቸውን፣ አንደኛው ኃላፊ፣ ሁለተኛው ነዋሪ መሆኑን በዚያች ሰዓት በኀዘን ተምራለች። ኃላፊውን ነጋዴዎቻችን ራም ይሉታል፤ ነዋሪው ደግሞ እንደ አሠራሩ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ይባላል። በቅናሽ የሚሸጥ ዴስክቶፕ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ገንዘቡ የሚያፈራለት ወይም የሚባክንበት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሁለቱን በመለየቱ ወይም ባለመለየቱ ነው።

በዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። ከአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ትንሽ ክፍል ተከራይታ የጽሕፈት ሥራ ልትጀምር ባሰበች ጊዜ አብሬያት ወደ መገናኛ ሄጄ ነበርና፣ በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጐን ለጐን የተቀመጡ፣ መልካቸውም ዋጋቸውም አንድ የሆነ ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች አገኘን። ሁለቱም ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ናቸው። በአንደኛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 4 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይላል፤ በሁለተኛው ላይ ያለው ደግሞ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይላል። ልጅቱ ወዲያው ወደ መጀመሪያው አዘነበለች። «ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ አራት እጥፍ ይይዛል፤ ያኛው ቶሎ ይሞላብኛል» አለችኝ። ያለችው ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ስለ ዕቃ ቤቱ ስፋት እንጂ ስለ አትሮንሱ ስፋት አልጠየቀችም።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ጥንታዊ ደብር መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው ተከተው በዕቃ ቤት ይኖራሉ፤ ዕቃ ቤቱም መቶ ቢይዝ፣ አምስት መቶም ቢይዝ፣ በማኅደሩ ውስጥ የተዘጋ መጽሐፍ አይነበብም፤ የሚነበበው ወጥቶ በአትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ነው። እንግዲህ ሊቁ ከድጓው ወደ ስንክሳሩ፣ ከስንክሳሩም ወደ ሃይማኖተ አበው እየተመላለሰ የሚመረምር ቢሆን፣ አትሮንሱ ግን ከአንድ መጽሐፍ በላይ የማይሸከም ቢሆን፣ አንዱን በፈለገ ቁጥር ሌላው ታጥፎ ወደ ዕቃ ቤት መመለስ አለበት፤ ዲያቆኑም ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲያወጣና ሲያገባ ይውላል እንጂ ምርመራው ወደ ፊት አይራመድም። ራም አትሮንሱ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ዕቃ ቤቱ ነው። ኮምፒውተር ራሙ ሲሞላበት ወዲያው ሥራውን አያቆምም፤ ከተዘረጉት ገጾች ለጊዜው የማይፈለገውን እያጠፈ በዲስኩ ላይ ያሳርፈዋል፤ በተፈለገም ጊዜ ሌላውን አሳርፎ ያንን እንደ ገና ያነሣዋል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ መሣሪያው ‹ስታክ አደረገ› የሚባልበት፣ የማውሱ ቀስት እየተንቀሳቀሰ ምንም ነገር የማይከፈትበት ያ አድካሚ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይህ ምልልስ ነው።

የምልልሱ ርዝመት ደግሞ በዲያቆኑ እግር ይወሰናል። ራም የተጠየቀውን ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ ከሴኮንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ እጅ ያህል ነው፤ ኤስኤስዲ ዐሥር ሺህኛ እጅ ያህል ይፈጅበታል፤ ሃርድ ዲስክ ግን በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳና በላዩ የሚመላለስ ክንድ ስላለው፣ ክንዱ ወደ ስፍራው እስኪደርስና የተፈለገው ጽሕፈት ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣ ድረስ ከሴኮንድ መቶኛ እጅ ያህል ይወስዳል። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉም ከመድቀቃቸው የተነሣ ልቡና አይጨብጣቸውም፤ ነገር ግን በአትሮንሱ ላይ ከተዘረጋው ማንበብ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል ብለን ብናስበው፣ ባለ ኤስኤስዲው ዲያቆን ከሩብ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ መጽሐፉን ይዞ ይመለሳል፤ ባለ ሃርድ ዲስኩ ግን ዛሬ ሄዶ የሚመጣው ነገ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ጠባብ አትሮንስና ዘገምተኛ ዲያቆን በአንድነት የተሰጡት ነበርና፣ ሁለቱ ጉድለቶች አንዱ ሌላውን የሚያባብሱ ናቸው።

ራም መብራት ሲጠፋ ለምን ባዶ እንደሚሆን ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ቢኖር፣ ምሥጢሩ እንዲህ ነው። የዛሬው ራም የተመሠረተበትን አሠራር ያፈለቀው የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱም የተሰጠው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዷ የራም ክፍል ጥቂት ኤሌክትሪክ የምትይዝ እንስራ ናት፤ እንስራዋ ግን ታፈስሳለችና፣ ፈጽማ ሳትደርቅ በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ እንደ ገና መሞላት ይገባታል። ውኃ ቀጂው፣ ማለትም መብራቱ፣ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከቀረ የተጻፈው ሁሉ ፈስሶ ያልቃል። ሃርድ ዲስክ ግን የሚጽፈው በማግኔት ስለሆነ መብራት ኖረም አልኖረም ጽሕፈቱ ይጸናል። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው፣ የአይ ቢ ኤሙ ራማክ፣ ወርዳቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ሰሌዳዎች ተደራርበውበት የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ኤሌክትሪኩን እንደ ታሸገ ጋን አድርጎ ይይዛል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ዊንዶውስ ገና ሲነሣ፣ ባለቤቱ አንድም ነገር ሳይከፍት፣ ከ2 እስከ 3 ጊጋ የሚደርስ ራም ለራሱ ይይዛል። የእኅቴ ልጅ በሥራዋ ላይ ሳለች ወርድ ይከፈታል፤ ደንበኞች ጽሑፋቸውን በቴሌግራም ይልካሉና ቴሌግራም ይከፈታል፤ የመንግሥት ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላላቸው አሉና ክሮም በዐሥር ገጽ ይከፈታል፤ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚታተምለት ሲመጣ ደግሞ ፎቶሾፕ ይጨመራል። 4 ጊጋ እንደዚህ ላለው ቀን ገና በረፋዱ የሚሞላ አትሮንስ ነው። የዊንዶውስ 11 ሠሪዎች ትንሹ መጠን 4 ጊጋ ነው ብለው ቢደነግጉም፣ መነሣት መቻልና ሥራ መሥራት መቻል እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። እኔ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለትምህርት 8 ጊጋ ዝቅተኛው ይሁን እላለሁ፤ በአውቶካድ ለሚነድፍ ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር 16 ያስፈልገዋል። ከዚህ ወዲያ ግን ራም በጨመረ ቁጥር መሣሪያው እየፈጠነ የሚሄድ የሚመስላቸው ይሳሳታሉ፤ በአትሮንሱ ላይ ባዶ የቀረ ስፍራ ንባቡን አያፋጥንምና።

የዕቃ ቤቱ ስሌት ከዚህ ይለያል፤ እኔንም ራሴን እጅግ ያስደነቀኝ ነገር ነው። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ የራሱን ስፍራ አግኝቶ ይኖራል፤ በተለመደው አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል የሚፈጀው 3 ባይት ነው። በአንድ ገጽ 1500 ፊደላት ቢሰፍሩ ገጹ 4500 ባይት ይሆናል፤ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍም ከአንድ ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ባይት አያልፍም። እንግዲህ ከ256 ጊጋው ላይ ለዊንዶውስና ለልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ሃምሳ ስድስቱን ትተን በቀረው 200 ጊጋ፣ ማለትም በ200 ቢሊዮን ባይት፣ ብንሰፍር፣ ከ140 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ይገቡበታል። አንዲት ጸሐፊ ዕድሜዋን ሁሉ ብትተይብ የዚህን ዕቃ ቤት አንዲት ማዕዘን አትሞላም። የሚሞላው ፎቶግራፍና ቪዲዮ ነው፤ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ሦስትና አራት ሚሊዮን ባይት ይፈጃልና፣ በአንድ ፎቶግራፍ ስፍራ ሁለትና ሦስት ያህል ሙሉ መጻሕፍት ይገባሉ። ስለዚህ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው የ1 ቴራን ነገር ቢያስብ ፍርዱ የቀና ነው፤ ማመልከቻ ለምትጽፍ ግን አያስፈልጋትም። (በነገራችን ላይ፣ የ1 ቴራ ዲስክ በዊንዶውስ 931 ጊጋ ሆኖ ቢታይ ሻጩ አላታለለም፤ ፋብሪካው በሺህ፣ መሣሪያው ደግሞ በ1024 ስለሚቈጥሩ ነው።)

ልጅቱ ግን እንዲሁ አልተረታችም። «ራም እኮ ኋላ ይጨመራል፤ ባለ ቴራውን ገዝቼ ገንዘብ ሳገኝ ብጨምርስ?» አለችኝ። ይህ ጽኑ ክርክር ነው። ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ የሚበልጥበት አንዱ ማዕርጉ ክዳኑ መከፈቱ፣ የጐደለውም መሞላቱ ነውና። ዳሩ ግን ሁለቱም የሚጨመሩ ከሆኑ፣ መታየት ያለበት እስኪጨመር ድረስ የትኛውን ጉድለት ተሸክሞ መኖር ይቻላል የሚለው ነው። የዕቃ ቤት ጥበት ቀስ እያለ፣ ወራት እየቈጠረ፣ አስቀድሞ እያስታወቀ ይመጣል፤ በመጣም ጊዜ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ በመግጠም ወይም ከውጭ የሚሰካ በመግዛት ይቃለላል። የራም ጥበት ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ጧት ጀምሮ አለ፤ ዋጋውም በእያንዳንዱ ደንበኛ ፊት ይከፈላል። ዊንዶውስን ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወርም ለባለሙያ ቀላል ቢሆን ለእርሷ የሥራ ቀን የሚያስፈታ ነው። ደግሞም የዓለምን ራም አብዛኛውን የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስ ኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የተባሉ ሦስት ኩባንያዎች ስለሆኑ፣ እነርሱ የፋብሪካቸውን ሥራ ወደ ሌላ ባዞሩ ጊዜ ዋጋው ይንራል፤ ኋላ እጨምራለሁ ያለ ሰው ያን ጊዜ ይቸገራል።

ከሁለቱም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ፈጽሞ የማይጨመረው ነገር ነው። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የሚቀበሉት ራም ዲዲአር ስሪ፣ የኋለኞቹ የሚቀበሉት ዲዲአር ፎር ይባላል፤ የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 288 እግሮች ስላሉት አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ወገን ከሆኑት መካከል መጽሐፍ የሚያካክሉት ትናንሾቹ ደግሞ የሚቀበሉት የላፕቶፕን ራም ነው። ከራሙም በላይ የጀነሬሽኑ ነገር አለ። በውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይለውጣሉና፣ ደኅና ሆነው ሳሉ ተሰብስበው በርካሽ ወደ ገበያ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው፤ በዚያም ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ ባለ ስድስተኛና ባለ ሰባተኛ ጀነሬሽን መሣሪያ በጣም ረክሶ ቢገኝ የርካሽነቱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ግን ያለ ሥጋት ሊገዛው ይችላል።

በመሣሪያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለውን ከማመን መሣሪያውን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድነት ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ክፍል የራሙን መጠን፣ ከራም ማስገቢያ ስፍራዎች ስንቱ እንደ ተያዘ፣ ዲስኩም ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ ያሳያል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ዲስኩ በዕድሜው ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ይናገራል፤ ላገለገለ ዕቃ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ መሣሪያ ከሆነም በፓወር ሰፕላዩ ላይ 100–240 የሚል መጻፉን፣ ወይም ትንሿ ቀይ ማብሪያ ወደ 230 መዞሯን ሳያዩ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ማገናኘት አይገባም።

ባለ 8 ጊጋውን ገዛች። ክዳኑን ባስከፈትነው ጊዜ ራሙ አንድ ነጠላ ባለ 8 ነበር፤ ሁለት ባለ 4 ቢሆኑ ጥቂት ይፈጥን ነበር፤ ነገር ግን አጠገቡ ባዶ ስፍራ መቅረቱን ከፍጥነቱ አብልጠን ወደድነው። ከሁለት ወር በኋላ ከተበላሸው የቤታችን ኮምፒውተር 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አውጥተን ገጠምንላት፤ የደንበኞቿ ፎቶግራፎች አሁን የሚቀመጡት በዚያ ነው። በቅርቡ ደግሞ ሥራው ሲበዛላት ባዶውን ስፍራ በሌላ 8 ጊጋ ልሙላው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «እጅግ በሚበዛብሽ ሰዓት ያን መስኮት ከፍተሽ ተመልከቺ፤ ከዚያ ንገሪኝ» አልኋት። ሳምንት ሙሉ ስትመለከት ቆይታ ከ6 ጊጋ አልፎ አያውቅም አለችኝ። ለራሙ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይላትን ዩፒኤስ ገዛችበት።