ውሃና ምሰሶ በቁጥር ሲገለጹ

በክረምት የሞላ ወንዝ የድልድይን ምሰሶ ሲመታ አይታችሁ ይሆናል። ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ አየር ከውስጡ ገብቶ አረፋ ይሆናል፤ ምሰሶውም ወይ ይጸናል፣ ወይ ይገነደሳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን መሐንዲሱ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ማወቅ ይገባዋል።

ኮምፒዩተር ውሃን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ስለዚህ ኸርትና ኒኮልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ዘዴ፣ ወንዙና በላዩ ያለው አየር በሐሳብ ወደ ጥቃቅን ሣጥኖች ይከፈላሉ። ውሃ የሞላው ሣጥን 1፣ አየር ብቻ ያለበት 0 ይሰጠዋል። 0.4 የተሰጠውን ሣጥን ልብ በሉ፤ የውሃው ገጽ የሚያልፈው በእርሱ ውስጥ ነው። ከዚያም ኮምፒዩተሩ በኒውተን ሕግ እየተመራ፣ ከየሣጥኑ ወደ ጎረቤቱ የሚያልፈውን ውሃ በየቅጽበቱ ያሰላል። ምሰሶው ወደ ያዘው ሣጥን ግን ምንም አይገባም፤ በምሰሶው ዙሪያ ያለው ግፊት ሲደመር ውሃው የሚገፋበት ኃይል ይገኛል።

አስቸጋሪው የውሃና የአየር ወሰን ነው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ወሰኑ ጥቂት ቢደበዝዝ ስሌቱ ይዛባል። ሣጥኖቹን ማሳነስ ይረዳል፤ ሆኖም የሣጥኑ ጎን በግማሽ ባነሰ ቁጥር የሣጥኖቹ ብዛት 8 እጥፍ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ጠንቃቃ መሐንዲስ የኮምፒዩተሩን መልስ በገንዳ ውስጥ ተተክሎ ከተፈተነ ትንሽ ምሰሶ ጋር ሳያስተያይ ሲሚንቶ አያስቦካም።