መርፌ እስኪሰበር አይጠበቅም

ስለ ዘመን መለወጫ ልብስ አሰፋፍ ልጽፍ ያሰብሁትን አቆይቼ ይህን በችኮላ የምጽፈው፣ ዛሬ ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በነጠላ ጠቅልለው ያመጡልኝን የእጅ ስፌት መኪና ፈትቼ ባየሁት ነገር እጅግ ስላዘንሁ ነው። መኪናው ከእናታቸው የወረሱት፣ ብረቱ የጸና፣ በጥቁሩ ቀለም ላይ የተሣለው የወርቅ ሐረግ ገና ያልለቀቀ ሲንጀር ነው፤ ሆኖም የመንጠቆው ጫፍ ተሸርፎ፣ መርፌው የሚያልፍበት ሳህንም በጭረት ተሞልቶ አገኘሁት። ምክንያተ ጥፋቱ በመርፌ መያዣው ውስጥ እንደ ታሰረ ነበር፤ ይኸውም የፋብሪካ መኪና መርፌ ነው። ማን እንዲህ እንዳዘዛቸው ብጠይቃቸው፣ «የልጅ ልጄ በስልክ ያሳየኝ ሰውዬ፣ መርፌ ሁሉ አንድ ነው፣ እስኪሰበርም አይለወጥም ብሎ ነው» አሉኝ።

ሙያውን ሳይማሩ መምህር መሆን እንዲህ የሰው ቅርስ ያጠፋል። ብዙ ሰው በስልኩ ያየውን ስሕተት አንድ ጠጋኝ በሱቁ ተቀምጦ በቃል ብቻ ሊያርመው አይቻለውምና፣ በጽሑፍ በተራ እዘረዝረዋለሁ።

አስቀድሞ ግን ጥንተ ነገሩን እንረዳ። የስፌት መኪና ሥራ ሁሉ የቆመው በአንዲት ቅጽበት ላይ ነው። መርፌው ክሩን ይዞ ጨርቁን ወግቶ እስከ መጨረሻው ከወረደ በኋላ ሽቅብ መመለስ ሲጀምር፣ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እንደ ተነሣ፣ ከጨርቁ ሥር የቀረው ክር በመርፌው ጀርባ በኩል በጥቂቱ ተነፍቶ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያችው ቅጽበት የመንጠቆው ሹል ጫፍ በቀለበቱና በመርፌው መካከል ገብቶ ክሩን የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ቦቢን ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ ላይኛውና ታችኛው ክር የሚተሳሰሩትም እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846፣ አይዛክ ሲንጀርም በ1851 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡላቸው መኪናዎች ዓይኑ በጫፉ በኩል የተበሳውን መርፌ ከታችኛው ክር ጋር ያጣመሩ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። በመንጠቆውና በመርፌው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ስለማይበልጥ፣ መርፌው ዓይን በማያስተውለው መጠን ቢጐብጥ ወይም በመያዣው ውስጥ እስከ ላይ ሳይገባ ቢታሰር፣ መንጠቆው ቀለበቱን ይስታል፤ ያን ጊዜ መኪናው ስፌት ይዘላል፤ ከዚያ የከፋ እንደ ሆነም መንጠቆና መርፌ ይጋጫሉ።

1ኛ፤ መርፌ ሁሉ አንድ አይደለም። የቤት መኪና መርፌ ግንዱ፣ ማለት በመያዣው የሚታሰረው ክፍሉ፣ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሲሆን በማሸጊያው ላይ 130/705 ኤች የሚል ምልክት አለው፤ የፋብሪካ ቀጥታ ስፌት መኪና የሚጠቀምበት ዲቢ×1 የሚባለው መርፌ ግን ግንዱ ዙሪያውን ክብ፣ ውፍረቱም 1.62 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የቤት መኪና መያዣ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ላለው ጠፍጣፋ ግንድ የተበጀ እንደ መሆኑ መጠን፣ ቀጭኑና ክቡ መርፌ ሲገባበት ቡሎኑ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ መርፌውም ስፍራውን ለቆ ሳህኑንና መንጠቆውን ይፍቃል። ሁለቱ መርፌዎች በእጅ ላይ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ብቻ ይሆናል ማለት ትልቅ ድፍረት ነው። መርፌ ስታስገቡም በአካሉ ላይ ያለው ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ወገን፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ተቃራኒው ይሁን፤ ክር ከፊት ለፊት የሚገባበትም ከጎን የሚገባበትም መኪና ስላለ፣ ሕጉን የያዘ ሰው በማናቸውም ላይ አይሳሳትም።

2ኛ፤ ቁጥሩ የተጻፈው እንዲነበብ ነው። 90/14 የሚል መርፌ የአካሉ ውፍረት 0.90 ሚሊሜትር ነው ማለት ሲሆን፣ 14 ያንኑ ውፍረት በአሜሪካኖቹ የቁጥር ሥርዐት የሚገልጽ ነው። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለመነንና ለሸሚዝ ጨርቅ 80፣ ለተማሪ ዩኒፎርም 90፣ ለጅንስ 100 ወይም 110 ይበቃል። ቲሸርትና ሹራብ ጫፉ የተድቦለቦለ መርፌ ይሻሉ፤ ሹሉ መርፌ የተቋጠረውን ክር ይበሳዋልና። ጫፉ እንደ ቢላ የተሳለው ለቆዳ ብቻ የተሠራ ነው፤ ጨርቅ ላይ ቢውል ክሩን ይቈርጠዋል። የእኛ ሠፈር ሥራ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በሽሮ ሜዳ በእጃቸው የሚሸምኑት ፈትል ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ፣ የደነዘ መርፌ በክሮቹ መካከል ማለፉን ትቶ እየጐተተ ይበጥሳቸዋል፤ ሸማኔ ብዙ ቀን የደከመበት ቀሚስም ገና ሳይለበስ በስፌቱ መስመር መተርተር ይጀምራል። በሙካሽ ክር ለሚሰፋ ደግሞ ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ ያስፈልጋል፤ በጠባብ ዓይን የሚያልፍ ሙካሽ ሽፋኑ ይላጥና ይበጠሳል።

3ኛ፤ መርፌ ሳይሰበር ያልቃል። ስምንት ሰዓት ያህል የሰፋ መርፌ፣ በተለይም እንደ ቴትሮን ያለውን ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሰፋ፣ ጫፉ ይደነዝዛል ወይም ይታጠፋል። ይህን ለማወቅ ጠጋኝ መጥራት አያስፈልግም፤ የመርፌውን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ ጐተት ብታደርጉትና ቢቧጭር ጫፉ ታጥፏል፤ በጠፍጣፋ ጎኑ መስተዋት ላይ አጋድማችሁ ከጐን ብታዩትና ከሥሩ የሚታየው ብርሃን ወደ ጫፉ እየጠበበ ወይም እየሰፋ ቢሄድ ጐብጧል። ጨርቁን ሲወጋ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ፈተናው ሁሉ ቀርቶ መርፌውን ለውጡ። በድንጋይ ስለን መልሰን እንሰፋበታለን የሚሉም አሉ፤ የመርፌ ጫፍ በዓይን የማይታይ ልስላሴ ያለው ስለሆነ፣ ድንጋይ የነካው መርፌ ከደነዘው ይልቅ ክር ይበጥሳል።

እዚህ ላይ ተራውን አቋርጬ የምናገረው አለኝ። በመኪናው ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹ መርፌ ሆኖ ሳለ፣ ለጥገና ከሚመጡልኝ መኪናዎች የሚበልጡት ሕመማቸው የመርፌ ነው። ስፌት የዘለለ፣ ክር የበጠሰ፣ ጨርቅ የሰበሰበ መኪና የያዘች እናት ወደ ጠጋኝ ስትሄድ፣ ሙያውን የሚያከብር ሰው አስቀድሞ አዲስ መርፌ አስገብቶ፣ ክሩን እንደ ገና አሳልፎ ይሞክራል፤ ሌላው ግን «ታይሚንጉ (የመርፌውና የመንጠቆው መገናኛ ጊዜ) ተዛንፏል» ብሎ ደኅናውን መኪና ይፈታል፣ ያልተበላሸውን መንጠቆ ይለውጣል፣ ብዙ ገንዘብም ይቀበላል፤ በመጨረሻም አዲስ መርፌ ስለሚያስገባ መኪናው ይሰፋል፤ ባለቤቲቱም መርፌው ያዳነላትን መኪና ጠጋኙ አዳነልኝ ብላ ታመሰግናለች። ይህ ሙያ አይደለም፤ ሌብነት ነው። ጠጋኝ መኪናችሁን ከመፍታቱ በፊት በአዲስ መርፌ እንዲሞክረው ጠይቁ፤ እምቢ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የሥልጠና ተቋማትም ከወቀሳ አያመልጡም። ስሙን የማልጠራው አንድ የሥልጠና ማዕከል ጠርቶኝ ሄጄ፣ በሪባንና በፎቶግራፍ የተመረቁ መኪናዎች ላስቲካቸው ሳይላቀቅ ተደርድረው አየሁ። ለምን እንደማይሠሩ ብጠይቅ፣ መኪናው በቋሚ ንብረትነት ስለ ተመዘገበ በጀት እንደ ነበረው፣ መርፌና ዘይት ግን አላቂ ዕቃ ስለሆኑ ሦስት ፕሮፎርማ እስኪሰበሰብ፣ ከዚያም የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 እስኪፈረም እንደሚጠበቅ ነገሩኝ። ሠልጣኞቹ የመርፌን ክፍሎች ስም በቃላቸው ይዘዋል፤ መርፌ ግን በእጃቸው ለውጠው አያውቁም። ለውጭ ገበያ በሚሰፉ የልብስ ፋብሪካዎች፣ አንድ መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ በመዝገብ ላይ ተለጥፎ ካልታየ አዲስ መርፌ የማይሰጥበት ጥብቅ ሥርዐት አለ፤ በሚለበስ ልብስ ውስጥ የቀረ ስባሪ የሕፃን ገላ ይወጋልና። እንዲህ ወዳለ ሥራ የሚላኩትን ልጆች መርፌ ሳያስነኩ ማስመረቅ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? በቀድሞው ዘመን በየትምህርት ቤቱ የቤት ባልትና ሲሰጥ ሴቶች ልጆች ቢያንስ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ ተምረው ይወጡ ነበር፤ ያን ትምህርት ለወንዱም ለሴቱም አስፍቶ ማቆየት ሲገባ ጨርሶ ጣልነው። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ቢቀርም፣ ለሙያ መሣሪያ በጀት መንፈግ ያው ንቀት ነው።

ወደ ተራዬ ስመለስ፣ ስለ ዘይትም ሳልናገር አላልፍም። በስፌት መኪና የሚገባው ቀለም የሌለው ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ማስቲሽ ይሆናል፤ የሞተር ዘይት ወፍራም ነው፣ ልብስም ያቆሽሻል። በእኛ ሠፈር ደግሞ ፈትል ብዙ ብናኝ ስለሚያራግፍ፣ ብናኙ ጨርቁን በሚገፉት ጥርሶች መካከልና በቦቢኑ ቤት ይከማቻል፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝም ይጠጥራል። ስለዚህ ሳህኑን ፈትታችሁ በብሩሽ ሳትጠርጉ ዘይት አትጨምሩ። በአፍ እፍ ማለትም አይገባም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የተያያዘ መኪና በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት ይጠጣል። ዘይት ከጨመራችሁ በኋላ በውዳቂ ጨርቅ ላይ ጥቂት ስፉ፣ ትርፉ ዘይት እንዲወጣ። አዲሶቹ ባለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች አንዳንዶቹ ከባለቤቱ ዘይት ስለማይሹ መመሪያቸውን አንብቡ።

ይህን ሁሉ የምለው መኪናን ስለ መኪናነቱ ወድጄ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ መስፋት ገንዘብ ከማትረፉ በላይ ለነፍስ የሚሰጠው ደስታ አለው፤ መብራት በጠፋበት ቀን እንኳ የሻንጋዩን ባተርፍላይ መኪና በእግሯ እየረገጠች በመስኮት ብርሃን የልጇን ዩኒፎርም የምታሳጥር እናት፣ ከጠርዙ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ጨርቅ አጥፋ ስታስቀር ልጁ በሚቀጥለው ዓመት የሚደርስበትን ቁመት አስባ ነው፤ ይህን ዐይነት አሳብ ከሱቅ የተገዛ ልብስ የለውም። የአያት ቀሚስ ጥለቱ ተፈትቶ ለልጅ ልጅ ሲሰፋ፣ የተቀደደ ጋቢ ተቈርጦ የሕፃን መጠቅለያ ሲሆን፣ ቤተ ሰብ የራሱን ታሪክ በእጁ ይዳስሳል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለው አበው የተናገሩትን ለመፈጸም፣ የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በገዛ ቤቱ ሌሊቱን ሰፍቶ በማለዳ የሚያለብስ ሰው የሚያገኘውን እርካታ እኔ በብዙ ደንበኞቼ ፊት ላይ አይቻለሁ። ብዙዎች ይህን ደስታ ያጡት ግን መኪናው ተበላሽቷል ብለው ከአልጋ ሥር ስላስገቡት ነው፤ ያም መኪና ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ መርፌና ጥቂት ጠብታ ዘይት ነው።

ስለዚህ የሥልጠና ማዕከላት ኃላፊዎች ሆይ፣ መኪና ስትገዙ መርፌና ዘይቱን በዚያው ግዥ ውስጥ አስገቡ። እናንተም በቤታችሁ የምትሰፉ፣ ዘመን መለወጫ ሳይደርስ ጨርቅ ልትገዙ ስትወጡ ያልተከፈተ የመርፌ ማሸጊያ አብራችሁ ግዙ፤ ቁጥሩንም አንብባችሁ ግዙ።