ጠበቃዋ በስሟ፣ ልጅቷ በተውሶ ስም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወረድ ማክሰኝት መንገድ ላይ ናት፤ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ። በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የ14 ዓመት ልጅ በወንጀል ብትጠረጠር፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርባት ያዛል። ችሎቱ ዝግ ነው። ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ጠበቃ ይቆምላታል። ማረሚያ ከገባችም ከአዋቂዎች ተለይታ እንድትያዝ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል።

ይህን ከሕግ ባለሙያ ውጪ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን በወንጀል የተከሰሰ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ያየነው በፊልም ነው፤ ያም ፊልም «ድፍረት» ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ተደፈረች። ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ደርሰው ሊይዟት ሲሉ ተኮሰች፤ ጠላፊዋ ሞተ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ጠበቃዋም መዓዛ አሸናፊ ነበረች። ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ራሷን መከላከሏ ታምኖ በነፃ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያን መሸሸጊያ አስወግዶ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ አደረገ።

ዘረሰናይ ብርሃነ ይህን ወደ ስክሪን አመጣው። ፊልሙ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። መዓዛ አሸናፊ በፊልሙም መዓዛ አሸናፊ ናት፤ ሜሮን ጌትነት ተጫውታታለች። ልጅቷ ግን ሂሩት ሆናለች። ታሪኩ ልጅቷን ከሞት ያዳነችው ጠበቃ የምትጓዝበት ታሪክ ነው፤ ደግሞም መዓዛ ክብሩ ይገባታል፤ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነች ሴት ናት። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሕግ አውጪው የልጅ ችሎት ዝግ ይሁን ያለው ልጅ በዕድሜው ሙሉ በዚያ ቀን እንዳይታወቅ ነው። የተዘጋውን በር ካሜራ ሲከፍተው ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው?

ጥያቄው በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መልስ ፈለገ። በብሔራዊ ቴአትር ፊልሙ ሊመረቅ ተመልካች ከተቀመጠ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ መጣ። አቤት ባይዋ አበራሽ ነበረች። ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ አለች። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ቀረበ፤ ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ሽልማቶቹን ነው። ስም መቀየር ጥበቃ ነው ይባላል፤ እውነትም አለው። ሆኖም ጠላፊዎቿንና መንደሯን የሚያውቅ ሰው ሂሩት ማን እንደሆነች ለማወቅ ስም አያስፈልገውም። ስሟ የተቀየረው ለማያውቋት ብቻ ነው።

በባሕር ማዶ የተለየ መንገድ የሄደ ሥራ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በተደፈረች ሴት ጉዳይ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ወንዶች ልጆች ታስረው ተፈረደባቸው፤ በ2002 ፍርዱ ተሰረዘላቸው። በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ዌን ዜይ ሲ አስ» በስማቸው ነው የተሠራው፤ አምስቱም ለሥራው ታሪካቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። በምስሌ ተበደልኩ ብላ የከሰሰችው የዐቃቤ ሕግ ባለሥልጣን የነበረች ሴት ናት። እኛ ዘንድ የከሰሰችው ልጅ የነበረችው ናት። ይህ ልዩነት ለኔ ቀላል አይደለም።

«ድፍረት» ጥሩ አድርጎ ያሳየው አንድ ነገር አለ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ልጅቷ ወደ መንደሯ እንዳትመለስ ሲወስኑ። ፍርድ ቤት ነፃ ያላትን ልጅ ደመኛ ነፃ አይላትም። ጎንደር ዙሪያ ያለ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ፊልም አያሻውም፤ ደም ካልደረቀ ገበያ መውጣትም ያስፈራል። የአበራሽም ኑሮ ከቤተሰቧ ርቆ ቀጠለ። ፊልሙ ግን ከፍርዱ ብዙ አልራቀም። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ በሌላ ከተማ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ያደገችባቸው፣ በስክሪን የሉም።

ሌላም የጎደለ አለ፤ ዕድሜ። በወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በልዩ ሁኔታ ይታያል፤ ከዚያ በላይ እስከ 18 ያለው እንደ አዋቂ ተከስሶ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ሁሉም ነገር በዚያች ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደች የገጠር ልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በእናቷ ትዝታ፣ በክርስትና ቀን ወይም በሐኪም ግምት ነው። ለሠርግ 18 የተባለች ልጅ በችሎት ፊት 14 ልትባል ትችላለች፤ እውነቱም 14 ሊሆን ይችላል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገው ወዲህም ያለዕድሜ ጋብቻ አልቆመም። በወረዳ ችሎት አንዲት እናት የልጇን ዓመት በዓል በበዓል እየቆጠረች ስታስረዳ፣ ዳኛው ሲጽፍ፣ ዐቃቤ ሕግ ሲጠራጠር፤ ከዚህ የበለጠ ድራማ የሚፈልግ ፊልም ሠሪ ካለ አላውቀውም። ከባሕር ዳርም ከጎንደርም የሚነሣ ሰው ይህን ቢሠራ፣ ስክሪፕቱን ከመጻፉ በፊት ባለታሪኳ 18 ዓመት እስኪሞላት ይጠብቅ፤ ከዚያ ራሷን ይጠይቃት፤ እንቢ ካለች ይተወው።