የማይለጠጠው እንግዴ ልጅ

ነፍሰ ጡር ሴት ወድቃ ወይም ሆዷን ተመትታ «ሰንበር ካልወጣባት፣ ደምም ካልፈሰሳት ጽንሱ ደኅና ነው» የሚለው ወሬ ስንት ጊዜ ቢታረም ተመልሶ ይመጣል። የሕፃኑን የቆዳ ምልክት፣ ሕዝቡ «ማርያም የሳመችው» የሚለውን፣ እናቲቱ ከወደቀችበት ቀን ጋር የሚያያይዘው ሌላው ወሬ ረጅም ሙግት አያሻውም፤ ምልክቱ ከቀለም ሰጪ ሕዋሳት ወይም ከደቃቅ የደም ሥሮች አመሠራረት የሚመጣ እንጂ የምት አሻራ አይደለም። የመጀመሪያው ግን ሕይወት ያስከፍላል።

እስከ 12ኛው ሳምንት ማህፀን በዳሌ አጥንት ተከልሎ ይቆያል፤ በ20ኛው ሳምንት ገደማ እምብርት ላይ ሲደርስ ከፊቱ የሚቀረው የሆድ ግድግዳ ብቻ ነው። ጽንሱን ከቀጥታ ምት የሽርት ውሃ ይጠብቀዋልና ዋናው አደጋ ያለው እንግዴ ልጁ ከማህፀን ጋር በተጣበቀበት ገጽ ላይ ነው። (ከወሊድ በኋላ ተከትሎ ስለሚወጣ ትርፍ ነገር ቢመስልም፣ እንግዴ ልጅ በእርግዝና ወራት የጽንሱን የሳንባ፣ የአንጀትና የኩላሊት ሥራ የሚሠራ አካል ነው።)

የማህፀን ግድግዳ ጡንቻ በመሆኑ ሲመታ ይለጠጣል፣ ይጨመደዳልም፤ እንግዴ ልጁ ግን አብሮት ሊለጠጥ ስለማይችል፣ በስልቻ ላይ የደረቀ ጭቃ ስልቻው ሲታጠፍ እንደሚፈነቀል ሁሉ፣ ከተጣበቀበት ይላቀቃል። ምሳሌው የሚጎድለው ደሙ ነው። ከተቀደዱት የደም ሥሮች የሚወጣው ደም በመካከል ተጠራቅሞ እንደ ሽብልቅ እየገባ ያልተላቀቀውን ክፍል ይፈለቅቀዋል፤ መውጫ ካላገኘም እዚያው ታፍኖ ስለሚቀር በውጭ አንድ ጠብታ ላይታይ ይችላል። የነፍሰ ጡር የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር ከአንድ ሊትር በላይ ደም አጥታም የደም ግፊቷ የተስተካከለ ሊመስል ይችላል፣ ሰውነቷ ግን ራሱን ለማዳን ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም አስቀድሞ ስለሚቀንስ እናቲቱ ደኅና መስላ ሳለ ጽንሱ ኦክስጅን ይራባል።

በሕፃኑ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመላቀቁ ስፋት ይወሰናል። ሰፊው ጽንሱን ሊገድል ወይም አእምሮውን ሊጎዳ ይችላል፤ ጠባቡ ያለጊዜው መወለድንና የሳንባ አለመጠንከርን ሊያስከትል ይችላል። የጽንሱ ደም ወደ እናቱ ፈስሶ ከሆነ ገርጥቶ ሊወለድ ይችላል፤ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም ጠቅላላ ሩብ ሊትር ገደማ ነውና የአንድ ቡና ሲኒ ያህል ማጣቱ ለእርሱ ከባድ ነው። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት በ72 ሰዓት ውስጥ ፀረ-ዲ የተባለውን መርፌ መወጋት የሚኖርባትም የጽንሱ ደም ወደ እርሷ ሊፈስ ስለሚችል ነው።

መላቀቅ በቀላል አደጋ ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ በከባድ አደጋ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል ቢባልም «ቀላል» የሚባለው ምን እንደሆነ ሐኪሞች አይስማሙም፤ ቀላሉ አደጋ እጅግ የሚበዛ በመሆኑም ብዙ መላቀቅ የሚገኘው ከእርሱ ነው። አልትራሳውንድንም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ያመልጠዋልና ንጹሕ ምስል ማስረጃ አይሆንም። ከዓመታት በኋላ የሚታይን የአነጋገር ወይም የአእምሮ እድገት መዘግየት ከአንድ ውድቀት ጋር ማያያዝ ደግሞ ይበልጥ ያከራክራል፤ እናቲቱን ለጉዳት የዳረጋት ኑሮ ሕፃኑንም ሌላ በሆነ መንገድ ሊነካው ስለሚችል ምክንያቶቹን መነጠል አዳጋች ነው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሆዷን የተመታች ሴት ቢያንስ ለ4 ሰዓት የጽንሱን የልብ ምትና የማህፀኗን መኮማተር በመሣሪያ የሚከታተሉላት የተደበቀውን መላቀቅ ለመያዝ ሲሆን፣ በተደበቀው ስፍራ ደሙ ሲረጋ የሚፈጠረው ትሮምቢን የማህፀንን ጡንቻ ስለሚያኮማትር፣ ሰንበርም ደምም ሳይታይ ምልክቱ በዚያ በኩል ይወጣል፤ መኮማተሩ ከደጋገመ ክትትሉ እስከ 24 ሰዓት ይራዘማል።