ተጨማሪ መረጃ፦ ናይትሮጅንን የሚያላላ ብረት

ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክሎች በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ሁለቱ አቶሞች በሦስትዮሽ ቦንድ ተሳስረዋል፤ የአንድ ሞል ቦንድ መበጠስ 945 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል።

ኬሚስቱ ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 አሞኒያን ጠብ ሲል ያሳየው በኦስሚየም ካታሊስት ነበር። ኦስሚየም ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ፋብሪካ አይቆምበትም። ስለዚህ የቢኤኤስኤፍ ኩባንያ ኬሚስት አልዊን ሚታሽና ባልደረቦቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅልቅሎችን አንድ በአንድ ፈተሹ። ንጹሕ ብረት ብዙም አልሠራም። ከስዊድን የመጣ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ግን ያልተጠበቀ ውጤት ሰጠ፤ ምስጢሩ ያለው ደግሞ ብዙዎቻችን ቆሻሻ ብለን በምንጥለው ባዕድ ነገር ውስጥ ነበር። ጥቂት አሉሚኒየም ኦክሳይድ የብረቱ ቅንጣቶች በሙቀት ተጣብቀው ገጻቸው እንዳይቀንስ ይከላከላል። ፖታሲየም ደግሞ ብረቱ ለናይትሮጅን ኤሌክትሮን መስጠቱን ያቀልለታል፤ ኤሌክትሮኑ ሲገባ ቦንዱ ይላላል፣ አቶሞቹም ተለያይተው በብረቱ ገጽ ላይ ይቀራሉ። ከዚያ ሃይድሮጅን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይጨመራል። ኬሚስቱ ጌርሃርድ ኤርትል ይህን ሂደት ደረጃ በደረጃ ካሳዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

አሞኒያ የሚሠራው ፋብሪካ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ100 በላይ የከባቢ አየር ግፊት ይፈልጋል። በባቄላ ሥር እባጭ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግን በብረትና በሞሊብዲነም ኢንዛይም፣ በተራ የአፈር ሙቀት ይሠሩታል፤ በነፃ ግን አይደለም፤ ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ ይከፍላሉ። ኬሚስቱ ሪቻርድ ሽሮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ የሞሊብዲነም አቶም፣ በክፍል ሙቀት አሞኒያ ሠርተዋል፤ ካታሊስቱ ግን ከአራት ዙር ገደማ በኋላ ከሥራ ወጣ።